ጂኑ የለም፣ ባዮፊልሙ ግን አለ፤ ከየት ልጀምር?

ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ፣ አጥንት ውስጥ በገባ ብረት ዙሪያ ለወራት አልድን ባለ ኢንፌክሽን ላይ እየሠራሁ ነው። ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነው። ባዮፊልም ማለት ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚሠሩት ንብርብር ነው፤ እዚያ ውስጥ እርስ በርስ የሚያጣብቃቸውን ስኳር የሚያሠሩትን አይካ የሚባሉ ጂኖች በፒሲአር (ጂንን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ፈለግኳቸው። የሉም። ሦስቴ ደገምኩት። መቆጣጠሪያው ናሙና በትክክል ይሠራል፤ የኔው ባዶ ነው።

ግን ባክቴሪያውን ያሳደግኩበትን ባለ ጉድጓድ ፕሌት ቀለም ጨምሬበት ሳጥበው ሐምራዊው ቀለም ጉድጓዶቹ ግርጌ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ባዮፊልም ሠርቷል ማለት ነው! በስኳሩ ፈንታ እንደ ኤኤፒ ያሉ ፕሮቲኖች ሊያጣብቁት እንደሚችሉ አንብቤያለሁ። መጀመሪያ ፕሮቲን በሚበጣጥሰው ኢንዛይም፣ በፕሮቲኔዝ ኬ፣ ልፈትነው፣ ወይስ በቀጥታ የፕሮቲኑን ጂን ልፈልግ?

ይበልጥ የጨነቀኝ ግን ከዚያው ታካሚ ዘግይቶ የተወሰደው ናሙና ነው። ኮሎኒዎቹ የመርፌ ጫፍ ያክላሉ፤ የታዩኝም በ3ኛው ቀን ነው። ሄሚን፣ ማለትም ባክቴሪያው ለእድገቱ የሚያስፈልገውን የሄም ዓይነት፣ ስጨምርለት እንደ ሌላው አደገ። ሄም የሚያሠራው ጂን ተበላሽቷል ብዬ ልጻፍ፣ ወይስ ሙሉ ጂኖሙ ሳይነበብ እንዲህ አይባልም? ሰውየው ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ነገሩን በግምት ማለፍ አልፈልግም። የሠራችሁበት ካላችሁ መንገዱን አሳዩኝ።