ክርክር፦ ኦርኮቹ ለምን ሲዳምኛ ይናገራሉ?

የዳቶ ልጅ፦ እሁድ ፒያሳ ጠረጴዛ ከበን፣ የምናብ ገጸ ባሕርያትን ወክለን ስንጫወት ኤልፎቹ (ውብና ጥበበኛ የተረት ፍጡራን) በግዕዝ ተናገሩ፣ ኦርኮቹ (ጭራቅ ተዋጊዎቹ) ደግሞ በሲዳምኛ እየጮኹ መንደር አቃጠሉ። ለምን ብዬ ታሪኩን የሚመራውን አጫዋች ስጠይቀው «ንቀት የለበትም፣ ሲዳምኛ ጆሮ ላይ ከበድ ስለሚል ነው» አለኝ። ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነበት፣ ሀዋሳ ላይ ተቀምጦ! እናንተ ዝም ትላላችሁ?

አጫዋቹ፦ ወንድሜ፣ የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ነው። ለዚያ ብዬ ቋንቋ ልፍጠር? ሰፈር ውስጥ የምሰማውን ወሰድኩ። ኦርኮቹም ጀግኖች ናቸው እኮ።

ሐይቅ ዳር፦ «ከበድ» ለማን ጆሮ? ሲዳምኛ ቃሉ ሁሉ በአናባቢ ነው የሚያልቀው፣ ሲነገር ይፈስሳል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ አለበት ካልክ አማርኛም ግዕዝም አላቸው። ግዕዝ እንዲያውም ከጉሮሮ የሚወጡ ሐ እና ዐ ነበሩት። በድምፅ መዝነህ ቢሆን ኖሮ ግዕዝ ለኦርኮቹ ነበር የሚደርሰው። የመዘንከው ሌላ ነገር ነው።

ዘቅዳሴ፦ ግዕዙንም ተዉልን። የምንቀድስበት ቋንቋ የአስማተኛ ኤልፍ መጫወቻ መሆን የለበትም።

ባለ ዳይስ፦ ክታቡስ በምን ቋንቋ ተጻፈ? ጋኔን ማባረሪያው ጥቅልል ሁሉ ግዕዝ አይደል?

ዘቅዳሴ፦ የደብተራን ክታብ የቤተ ክርስቲያን አታድርገው። ሁለቱን ለይ።

ባለ ዳይስ፦ እኔ ቋንቋው አንድ ነው አልኩ እንጂ ቅዳሴውን አልነካሁም።

መጽሐፍ ወዳድ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ከእውነተኛ ቋንቋ ያልተነሳ ማን አለ? የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን ለኤልፎቹ ኩዌንያን ሲሠራ ፊንላንድኛን፣ ሲንዳሪንን ሲሠራ ዌልስኛን እያዳመጠ ነው። የድዋርፎቹ (የድንኮቹ ፍጡራን) ቋንቋ ኩዝዱልማ እንደ ዕብራይስጥና እንደ እኛው ግዕዝ በሦስት ተነባቢ ሥር ላይ የቆመ ነው። ማን ከሰሰው?

የዳቶ ልጅ፦ ማን ከሰሰው? ድዋርፎቹን ከአይሁድ ጋር ያመሳሰለው ራሱ ነው፣ ሰው እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። ደግሞም ቅርጹን ወሰደ እንጂ ሰው ቤቱ የሚነጋገርበትን ቃል እንዳለ አንስቶ ጭራቅ አፍ ውስጥ አልከተተም። ለክፉዎቹ አገር ለሞርዶር የሆነውን «ጥቁር ንግግር» የተባለ ቋንቋ ራሱ ፈጠረው።

አጫዋቹ፦ እሺ፣ ካስቀየማችሁ ወላይትኛ አደርገዋለሁ።

የሶዶ ልጅ፦ ወላይታ ምን አደረገህ? እኔም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የምቀመጠው!

ሐይቅ ዳር፦ አያችሁ? «ከበድ» ማለቱ ይሄ ነው። ከግዕዝና ከአማርኛ ውጭ ማንኛውም ይሆንለታል።

ባለ ዳይስ፦ ሙሉ ቋንቋ ማን ጠየቀ? ማርክ ኦክራንድ በስታር ትሬክ ፊልም ላሉት ፍጡራን ቋንቋ፣ ለክሊንጎን፣ መዝገበ ቃላት ያሳተመው (እ.ኤ.አ. 1985) ፊልም ስለነበረ ነው። እኛ የምንፈልገው ጥቂት ድምፅና አሥር ስም ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሆነው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫዋቹ ወረቀት ላይ ኤልፍኛ፣ ኦርክኛ ያስጽፋል እንጂ ተናገሩት አይልም። «በኦርክኛ ዛተባችሁ» ብለህ እለፍ።

አጫዋቹ፦ እንደዚያማ ጨዋታው ይደርቃል። ልጆቹ የነቁት ሲዳምኛውን ሲሰሙ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ አልነቁም፣ ሳቁ። እዚያው ነበርኩ።

አጫዋቹ፦ ሳቅ ወንጀል ሆነ?

የዳቶ ልጅ፦ ኤልፉ በግዕዝ ሲናገርስ ማን ሳቀ? እሱን መልስልኝ።

አጫዋቹ፦ እሁድ ስንገናኝ እነግርሃለሁ።

ሐይቅ ዳር፦ እዚሁ መልስ። የተጠየቅከው እዚህ ነው።