ገርጂ፣ አያት ወይስ ቱሉ ዲምቱ? ከሁለት ሕፃናት ጋር ቤት ለመቀየር ምክር ፈልገን ነበር

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አሉን። መገናኛ አካባቢ ተከራይተን የምንኖርበትን ሰርቪስ ቤት አከራያችን አፍርሰው ፎቅ ሊሠሩበት ስለሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንድንለቅ ተነግሮናል። እኔ የምሠራው እዚያው መገናኛ ሲሆን ባለቤቴ ደግሞ ቃሊቲ በሚገኝ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንዱን ሳምንት ሌሊት ሥራ ያድራል። ለኪራይ በወር ከ16 ሺህ ብር በላይ ማውጣት አንችልም።

እስካሁን ሦስት የኮንዶሚኒየም ቤቶች አይተናል። ገርጂ ያገኘነው ስቱዲዮ 16 ሺህ ብር ሲሆን ለሥራዬ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ቀለበት መንገዱ አጠገብ ነው፤ አራት ሰው በአንድ ክፍል ማደራችንም ያስጨንቀኛል። አያት ያለው ባለ አንድ መኝታ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን 14 ሺህ ብር ተብለናል። ቱሉ ዲምቱ ግን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ግራውንድ ላይ በ10 ሺህ ብር አግኝተናል፤ ልጆቹ የሚሮጡበት ሰፊ ሜዳ አለው፤ ለባለቤቴ ሥራም ቅርብ ነው። ዘመዶቻችን ግን ዳር ነው፣ ሲመሽ ያስፈራል እያሉ ሐሳባችንን ከሁለት ከፍለውታል። በዚህ ሁኔታ ያለፋችሁ ሰዎች፣ የልጆች ደህንነትና የኪራይ ዋጋ ሲጋጩ በምን መዘናችሁ?

መልስ፦ የአያት ነዋሪ

እህታችን፣ የሦስቱን ሰፈሮች ስም ለጊዜው ይተዉትና ልጆቹ ያለ እናትና አባት የሚቆዩበትን ሰዓት ይቁጠሩ። ኬጂ የሚለቀው 9 ሰዓት ገደማ ነው። እርስዎ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተው፣ መገናኛ ተሰልፈው ቱሉ ዲምቱ እስኪደርሱ ድረስ ጨልሞ ይሆናል። ባለቤትዎ ሌሊት በሚያድሩበት ሳምንት ደግሞ ልጆቹ ለረጅም ሰዓት በሠራተኛ ወይም በጎረቤት እጅ ናቸው። ለእኔ ትልቁ የደህንነት ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌባ የሚባለው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከገርጂው ጋር ሲያነጻጽሩት በኪራይ የሚተርፈው 6 ሺህ ብርም ሙሉ በሙሉ ኪስዎ ውስጥ አይቀርም። የትምህርት ቤት ሰርቪስ፣ የእርስዎ የታክሲ ወጪ፣ ለረጅም ሰዓት የምትቆይ ሠራተኛ ደመወዝ ሲደመሩ አብዛኛውን ይበሉታል። አያት ቢያንስ ቀላል ባቡሩ በቀጥታ መገናኛ ያደርስዎታል። በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ቁጥር ከመጀመሪያው በእጅጉ ስለቀነሰ ጥበቃውና መጨናነቁ ከባድ መሆኑን ግን አልደብቅዎትም፤ ሕፃን አዝሎ በሥራ መግቢያ ሰዓት መሳፈር አይሞከርም። ስለዚህ ልጅቷን የሚያስገቡበት ትምህርት ቤት ከቤቱ በእግር የሚደረስ መሆን አለበት። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለውን የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት አይናቁት። ክፍያ አይጠየቅበትም፤ የከተማው አስተዳደር የተማሪዎች ምገባም አለ። ከቤቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ቢጠይቁ ይሻላል፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል።

መልስ፦ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ

ከላይ በተሰጠው ምክር በከፊል እስማማለሁ፤ ነገር ግን "ዳር ነው" በሚል ብቻ ሰፈራችን እንዲፈረጅ አልፈልግም። እኛ ሦስት ልጆች እዚህ እያሳደግን ነው። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች የልጆቹን ስም ያውቃሉ፤ ማታ ጥበቃው የማያውቀውን ሰው አስቁሞ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ይጠይቃል። ይህን መሀል ከተማ በኖርንበት ጊዜ አላገኘነውም። ከባድ ሕመም ቢመጣም ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ያለው በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ቢሆን ብሎክ ከብሎክ ይለያል። ቤቱን ያዩት ከደላላ ጋር በቀን ከሆነ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ከባለቤትዎ ጋር ተመልሰው ይሂዱ። ከታክሲ መውረጃው እስከ ብሎኩ ድረስ ያለውን መንገድ በእግርዎ ይሂዱበት፤ መብራት የትኛው ምሰሶ ላይ እንደሚበራ፣ ሱቆቹ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆኑ ይመልከቱ። ከዚያም ቀና ብለው የብሎኩን መስኮቶች ይዩ። አብዛኞቹ ጨለማ ከሆኑ ሰው አልገባባቸውም ማለት ነው፤ ባዶ ቤት የበዛበት ብሎክ ደግሞ የጥበቃ መዋጮ የሚሰበሰብበት ጠንካራ ኮሚቴ አይኖረውም። ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ይጠይቁ። በረንዳዋ ላይ የተደረደረው ጀሪካን ብዛት ራሱ መልስ ይሰጥዎታል። የባዘኑ ውሾችም አሉ፤ በተለይ ማለዳ ላይ ልጆች ብቻቸውን ወደ ሜዳው እንዲወጡ አይፍቀዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 ዓ.ም. እንደገና ከተካለለ ወዲህ በዚህ አቅጣጫ ያሉ አንዳንድ መንደሮች አስተዳደራቸው ተለውጧል። መታወቂያም ትምህርት ቤትም የሚከተለው አስተዳደሩን ስለሆነ፣ ቤቱ በየትኛው ወረዳ ሥር እንደሆነ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ ለጥቂት ወራት አብራን ልትሆን ትችላለች፤ ሆኖም ጉልበቷን ስለሚያማት የአያቱ አራተኛ ፎቅ ይከብዳታል። በዚያ ላይ ትንሹ ልጄ ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ ይወጣል። በረንዳውን ሳየው ልቤ ደንግጧል።

መልስ፦ የግንባታ ባለሙያና አባት

ልብዎ የደነገጠው በከንቱ አይደለም። ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር ስለ ሌባ ብዙ እንጠይቃለን፤ ሕፃናትን በየዕለቱ የሚያሰጉት ግን ከፍታና መኪና ናቸው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን አይርሱ።

ወደ አያቱ ቤት ሲመለሱ ሜትር ይዘው ይሂዱ። የበረንዳውና የደረጃው መደገፊያ ብረቶች ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ከሆነ የሁለት ዓመት ልጅ ገላውን ሊያሾልክበት ይችላል። ብረቶቹ አግድም የተበየዱ ከሆኑ ደግሞ ለልጅዎ መሰላል ማለት ናቸው። ብረቱን በእጅዎ ነቅነቅ ያድርጉት፤ ከሲሚንቶው ጋር የተያያዘበት እግሩ ዝጎ የሚወዛወዝ ብዙ አጋጥሞኛል። እነዚህ ጉድለቶች በብየዳና በሽቦ መረብ በአንድ ቀን የሚስተካከሉ ናቸው፤ ወጪውን አከራዩ እንዲሸፍን ወይም ከኪራዩ እንዲታሰብ ከመግባትዎ በፊት ይስማሙ። በረንዳ ላይ ወንበር፣ ጀሪካንና ሳጥን ከመደገፊያው አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጥ።

ገርጂን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ከቀለበት መንገዱ ማዶ ከሆነ ቤቱን ይተዉት። ከዚያው ወገን ከሆነ ግን የክፍሉ ጥበት ብቻውን ሊያስቀረው አይገባም። በእኔ ግምት ከሥራ ቦታዎ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ልጅዎ ጋ መድረስ መቻልዎ ከአንድ ተጨማሪ መኝታ ቤት ይበልጣል። እናትዎ በእርግጥ የሚመጡ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሊያደላ ይችላል፤ መምጣታቸው ሳይቆረጥ ግን ቤቱን በእሳቸው ተስፋ አይከራዩት።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

የትኛውንም ቢመርጡ በቃል ስምምነት አይግቡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ የኪራይ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ ከሚያደርገው መጠን አይበልጥም። ክፍያውን በባንክ ይፈጽሙ። ይህ ለእናንተ ከዋጋው የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ልጅቷ ትምህርት በጀመረች በስድስት ወሯ ልቀቁ የሚል ነገር እንዳይመጣባችሁ ይጠብቃችኋል። አንዳንድ አከራዮች ዝቅተኛ ዋጋ ውሉ ላይ ጽፈን ቀሪውን በእጅ ስጡን ይላሉ። ይህን አይቀበሉ፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ የሚሆንዎት የተጻፈው ብቻ ነው። ስለ በረንዳው ብረት የተሰጠውን ምክርም ውሉ ውስጥ ያስገቡት፤ ማን እንደሚያሠራውና እስከ መቼ እንደሚጠናቀቅ በቀን ተለይቶ ይጻፍ።