መኪና የለኝም፣ በሳይክል ነው የምመላለሰው፤ ብገጭ ማን ይከፍላል?

የአዘዞው ሳይክለኛ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ። መኪና የለኝም፣ የመግዛት ሐሳብም የለኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ዳገቱን፣ ማታ ቁልቁለቱን በሳይክል ነው የምሄደው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ወደ ዳር ሲታጠፍ መሪዬን ነካውና ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ባለመኪናው ኢንሹራንስ አለው፤ አንተ ምን አለህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሁለት ልጆች አሉን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ፣ የመኪናው ኢንሹራንስ በሳይክል ሲሄድም እንደሚጠቅመው ነገረኝ። መኪና የሌለን ሰዎችስ ምን እናድርግ?

የመድን ሽያጭ ወኪል፣ ማራኪ፦ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። ወንድምህ የነገረህ የዚያው አገር ነገር ነው። እዚያ በብዙ ቦታ፣ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሲገጭህ የሚከፍልልህ ሽፋን ከራስህ መኪና ውል ጋር ነው የሚመጣው። መኪና የሌለው ለብቻው ፈልጎ ይገዛል። እኛ ጋ መድኑ ያለው በገጪው መኪና ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ፣ ባጃጅም ጭምር፣ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንቀሳቀስ አይችልም። ሦስተኛ ወገን የተባልከው ደግሞ አንተ ነህ። አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ነበር። አሁን ጣሪያው ከፍ ብሏል። ስለዚህ ስትገጭ ሌላው ቢቀር ታርጋውን ያዝ። በስልክህ አንሳው።

ነርስ ነኝ፦ እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ደህና ነኝ ብለህ ወደ ቤት አትሂድ። በዚያ ሰዓት ሕመሙ አይሰማህም። ጤና ተቋሙ የድንገተኛ ሕክምናውን መስጠት ግዴታው ነው፣ ቅድሚያ ክፈል ሊልህ አይገባም። ካርድህ ላይ «የትራፊክ አደጋ» ተብሎ መጻፉን አረጋግጥ። «ወድቆ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ብዙ ያስቸግርሃል። ደረሰኝ አትጣል።

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ወንድሜ፣ የእኔን ስማና ተማርበት። የዛሬ አራት ዓመት ፒክአፕ ገጨኝ። ሹፌሩ ጥሩ ሰው ነበር፣ አነሳኝ፣ ውኃ ገዛልኝ። ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። «ፖሊስ ጋ ምን ያመላልሳችኋል፣ የአንድ አገር ልጆች ናችሁ» ተባልን። 3,000 ብር ተቀብዬ የእርቅ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። በሁለተኛው ሳምንት እጄን ማንሳት አቃተኝ። ትከሻዬ ኦፕራሲዮን ያስፈልገው ነበር። መድን ድርጅቱ ጋ ስሄድ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አምጣ አሉኝ። የለኝም። የነበረኝ ያ የእርቅ ወረቀት ብቻ ነው። በሬ ሸጠን ታከምኩ። እርቅ ጥሩ ነው፣ እኔም አልጠላም። ግን መጀመሪያ ትራፊክ ይምጣ፣ ሐኪም ይይህ፣ ከዚያ ይታረቁ።

ጠበቃ፦ ከላይ የተባለው በጣም ልክ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉዳትህ ከመድኑ ጣሪያ ካለፈ ቀሪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ትችላለህ። ክሱ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ገጭቶህ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው፣ ለአካል ጉዳትና ለሞት የመድን ፈንድ የሚባል አለ። እዚያም የፖሊስ ሪፖርት ግድ ነው።

የአዘዞው ሳይክለኛ፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ለካ ባዶ እጄን አይደለሁም። ግን ማንም ሳይነካኝ ጉድጓድ ውስጥ ብወድቅስ? እኔ ራሴ መንገድ የምታቋርጥ እናት ብገጭስ?

ጠበቃ፦ እናትየዋን በጥፋትህ ከገጨህ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ አንቀጽ 2028 ነው። የባጃጁ የሦስተኛ ወገን መድን እዚህ አይገባም።

የመድን ሽያጭ ወኪል፣ ማራኪ፦ ትልቁ ክፍተትህ እነዚህ የጠየቅሃቸው ሁለቱ ናቸው። ለራስህ መውደቅ «የግል አደጋ መድን» የሚባል አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም የግሎቹም ይሸጡታል። ሞትን፣ ቋሚ አካል ጉዳትን፣ እንደ ውሉ የሕክምና ወጪንም ይይዛል። ሁለት ልጅ ላለው ሰው እኔ በሙሉ ልቤ የምመክረው ይሄንን ነው። ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የኃላፊነት ሽፋን ለብቻው ጠይቅ። ቅጹን ስትሞላ በየቀኑ አዘዞ ፒያሳ በሳይክል እንደምትመላለስ በግልጽ ጻፍ። ዓረቦኑ (ለመድኑ የምትከፍለው) ትንሽ ቢጨምርም ጻፈው። ከደበቅህ ካሳ ስትጠይቅ የመጀመሪያው መከራከሪያ እሱ ይሆናል።