ለጀማሪ ፌስቡክ ወይስ ቴሌግራም?

ጀማሪዋ፦ ሁለቱንም ላወርድ ነው። ቁጥሬ ለሁሉም እንዳይታይና አካውንቴ እንዳይሰረቅ ምን ላድርግ?

ባለ ሞባይሉ፦ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ፌስቡክ የጠፋ ዘመድ በስሙ ለመፈለግ ይመቻል፤ ቴሌግራም ለመልእክት፣ ለግሩፕና ለቻናል። በግሩፕ አባላቱ ሁሉ ይጽፋሉ፤ በቻናል የሚለጥፉት ባለቤቱና አድሚኖቹ ብቻ ናቸው።

ለቁጥርሽ ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቫሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ፎን ነምበር» ግቢና «ኖባዲ» ምረጪ። ወዲያው ከሥሩ በቁጥርሽ ማን ሊያገኝሽ እንደሚችል ይጠይቃል፤ «ማይ ኮንታክትስ» በይው። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል፤ ያኔ ቁጥርሽን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሁሉ አካውንትሽን ያገኘዋል።

ቁልፍ (ሌላ መላሽ)፦ የቴሌግራም ስርቆት በአብዛኛው የሚመጣው ለመግቢያ በሚላክልሽ ኮድ ነው። «ኮድ በስህተት አንቺ ጋ መጥቷል፣ ላኪልኝ» የሚልሽ የምታውቂው ሰው ቢሆንም እንኳ እንዳትሰጪ፤ የእሱም አካውንት ቀድሞ ተወስዶ ይሆናል። ዛሬውኑ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሪ። መጨረሻ ላይ ኢሜይል ሲጠይቅሽ «ስኪፕ» አትበይ፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋሽ መመለሻው እሱ ነው። «ዲቫይስስ» (አካውንትሽ የተከፈተባቸው ስልኮች ዝርዝር) ውስጥ የማታውቂው ስልክ ካየሽ አስወጪው።

አበበች 21፦ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ከስምሽ ሥር ያለውን ምልክት እዪ፦ የዓለም ሉል ከሆነ ማንም ያየዋል፣ ሁለት ሰው ከሆነ ጓደኞችሽ ብቻ። የልደት ቀንሽን «ኦንሊ ሚ» አድርጊው። ለሱቅ ከሆነ ግን በፕሮፋይል (በግል ገጽሽ) ብቻ አትሥሪ፣ ፔጅ (የንግድ ገጽ) ክፈቺ፤ ፕሮፋይል ከ5,000 በላይ ጓደኛ አይቀበልም።