ከደሴ ተነሥቶ ታጁራን ለማየት

ጠያቂ፦ መምህር ከደሴ

እንደምን ሰነበታችሁ? በመጪው ታኅሣሥ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን አባቴን ይዤ ወደ ጅቡቲ ለመሄድ አስቤያለሁ። አባቴ በልጅነታቸው ባቲ ገበያ ላይ ከአፋር ነጋዴዎች ጨው ሲረከቡ ያደጉ ሰው ናቸውና «የጨውን አገር ሳላይ አልሞትም» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ጅቡቲ ከተማን ብቻ አይተን ከምንመለስ፣ በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችውን ጥንታዊቷን ታጁራን ብናይ ይሻላል? እዚያው ከተማዋ ፊት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ እንደሚታይም ሰምቻለሁ፤ ለሽማግሌ ይሆናል?

የሚሌ መንገደኛ

መምህር፣ በዚህ መንገድ በከባድ መኪና ለዓመታት ስለተመላለስሁ ስለ ጉዞው እኔ ልመልስልዎ። ከኮምቦልቻ ባቲን አልፈው ሚሌ አካባቢ ከአዋሽ የሚመጣውን የጅቡቲ መንገድ ያገኛሉ፤ ከዚያ በሰመራ በኩል ጋላፊ ኬላ ይደርሳሉ። የደሴን ብርድ የለመደ አዛውንት በአንድ ቀን ያን ሁሉ ቁልቁለትና ሙቀት እንዲችል አይጠብቁ፤ ሰመራ ወይም ሎጊያ ይደሩ። ቪዛውን ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱ፤ ኬላው ላይ ከተደረደሩት መኪኖች መሐል ቆሞ ወረቀት መሟገት ለአባትዎ አይሆንም።

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ በጀልባም በመኪናም ይኬዳል። እኔ መኪናውን እመርጥልዎታለሁ፤ መንገዱ ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ሲሄድ ወደ አሳል ሐይቅ የሚያስገባው መታጠፊያ እዚያው ላይ ነው። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ሲሆን ዳርቻው እንደ በረዶ ነጭ ጨው ነው። አባትዎ የሚሉት የጨው አገር ታጁራ ሳትሆን አሳል ሳይሆን አይቀርም።

የታሪክ ወዳጅ (ወረኢሉ)

ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ታጁራን አይዝለሏት። የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫና የሲራራ ንግድ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ዊሊያም ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተነሣው ከዚህች ከተማ ነው። ሐረር ውስጥ በስሙ ቤት የሚጎበኝለት ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም ለምኒልክ የሚያመጣውን ጠመንጃ ይዞ ወራት የከረመው እዚሁ ሲሆን፣ ሲራራው የተንቀሳቀሰው በ1886 መገባደጃ ነበር። ዛሬ ግን ቤተ መንግሥት ወይም ግንብ አይጠብቁ፤ ነጫጭ ቤቶች፣ በርከት ያሉ መስጊዶችና ጸጥ ያለ የባሕር ዳርቻ ናት፣ በእግር ቶሎ ታልቃለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሞሌው የሚጠረበው በሰሜን አፋር ረባዳ ምድር እንጂ አሳል ላይ አይደለም፤ የአሳሉ ጨው ፍርፍር ነው። አባትዎ የተረከቡት የትኛው እንደነበር ይጠይቋቸው።

ባሕር ያየ ወሎዬ

ስለ ዌል ሻርኩ የሰሙትን ላርምልዎ፤ በብዛት የሚታየው ታጁራ ፊት ሳይሆን ከማዶ፣ በደቡቡ ዳርቻ በአርታ በኩል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፕላንክተን የተባሉትን ደቃቅ ነፍሳት ፍለጋ ወደ ዳርቻው ይጠጋል። የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው፤ ሰውም አይተናኮሉም።

እኔ በሄድሁበት ጊዜ የጀልባችን ነጂ ፎቶ እንዲመቸን ብሎ ሞተሩን ሳያበርድ የዓሣውን መንገድ ቆረጠበት። ዓሣው ሲዞር፣ ከነጫጭ ነጠብጣቦቹ መሐል ሦስት የቆዩ ጠባሳዎች ጎን ለጎን ተጋድመው አየሁ። የሞተር ስለት ያሳረፈው መሆኑን አብሮን የነበረ የአፋር ወጣት ነገረን፤ እኔም ከፍዬ በመሳፈሬ አፈርሁ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ ነጂው ራቅ ብሎ ሞተሩን እንዲያበርድና ማንም ዓሣውን እንዳይነካ ይስማሙ። ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ከተሻገራችሁም አካባቢው የተጠበቀ ነውና ዛጎልም ኮራልም አታንሡ። አባትዎ መዋኘት አያስፈልጋቸውም፤ ባርኔጣ ይደፉና ከጀልባው ላይ ይዩት።

መምህር ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አሞሌስ ከሌላ ነበር የሚመጣው፤ እኔ የተሸከምሁት በሰሌን ከረጢት የታጨቀውን ፍርፍሩን ነው» አሉኝ። እንግዲህ ሁለት ሌሊት ለአሳልና ለታጁራ፣ አንድ ቀን ለአርታ መድቤያለሁ።