ልጅ ይዞ የባሕር ዳርቻ ከተማ መግባት፦ የመዝናኛ ከተማ ወይስ የወደብ ከተማ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትልቅ ከተማ ወጥተን በባሕር ዳርቻ ከተማ ለመኖር ቆርጠናል። ሁለት ልጆች አሉን። ትንሿ ገና ድክ ድክ ትላለች፣ ታላቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የእኔ ሥራ በኢንተርኔት ስለሆነ የትም ይሠራል። ባለቤቴ ግን በሄድንበት ሥራ ማግኘት አለበት። ምርጫችን ሁለት ላይ ቆሟል። አንደኛው ከተማ ነጭ አሸዋ፣ ካፌ፣ የሚያምር የእግር መንገድ ያለው የቱሪስት ቦታ ነው። ሁለተኛው የዓሣ ጀልባና የመርከብ ጥገና ያለበት ወደብ ነው። ዳርቻው ድንጋያማ ነው፣ ሽታውም አይጣል። እኔ የመጀመሪያውን ወድጃለሁ። ባለቤቴ ሁለተኛውን ይላል። ዳኙን እስቲ።

የባሕር ዳር ልጅ፦
ያደግሁት በቱሪስት ከተማ ውስጥ ነው። ባለቤትሽ ልክ ነው። በሙቀቱ ወራት መኪና ማቆሚያ አይገኝም፣ ዳቦ ለመግዛት ሰልፍ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ግማሹ ጎዳና ይጨልማል። ካፌው ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ይቀንሳል፣ አብረውሽ የሚጫወቱ ልጆችም ይጠፋሉ። ቱሪስቱ የሚያየው ከተማና ነዋሪው የሚኖርበት ከተማ አንድ አይደለም። ወደብ ግን በብርድም በሙቀትም ሰው አለው። ዓሣ አጥማጁ ወቅት አልፏል ብሎ ከተማውን ለቅቆ አይሄድም።

አከራዩ፦
ቆይ ቆይ። ወደብን እንዲህ አታሳምረው። ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ይመላለሳል፣ የመርከብ ነዳጅ ጭስ አለ፣ የማሽን ድምፅ አለ። ድክ ድክ የምትል ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች? እኔ በቱሪስት ከተማ ቤት አከራያለሁ፣ አልደብቅም። ዳርቻውን የሚያስጠርገው፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ የሚያስቀጥረው፣ መጫወቻ ሜዳ የሚያሠራው ገንዘብ ከቱሪስቱ ነው የሚመጣው። ቱሪስቱን አንሱትና ከተማዋ ምን እንደሚቀራት አስቡ።

መምህሩ፦
ትምህርት ቤት ይቀራታላ! አሁን ግን እሱም እየጠፋ ነው። አንድ ቤት ቋሚ ነዋሪ የሌለው የዕረፍት ቤት ሲሆን ከክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ጎደሉ ማለት ነው። ተማሪ ሲያንስ በጀት ያንሳል። በጀት ሲያንስ ሁለት ክፍል ወደ አንድ ይጠቀለላል። ቀጥሎ የሙዚቃ መምህሩ ይሄዳል፣ የሳይንስ መምህሯ ትከተላለች። አዲስ መምህር ቢቀጠርም የሚከራየው ቤት አያገኝም፣ ምክንያቱም ቤቱ ሁሉ በሳምንት ሂሳብ ለቱሪስት ነው የሚከራየው። ስለዚህ እህቴ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ውጤት ከመጠየቅሽ በፊት የመጀመሪያ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ምን እንደሆነ ጠይቂ። እየቀነሰ ከሆነ ትንሿ ልጅሽ ሳትጨርስ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ይችላል።
በእኔ እምነት ከተሞች የዕረፍት ቤትን በሕግ መገደብ አለባቸው።

አከራዩ፦
ይሄው መጣ! ገደብ ተሞክሯል እኮ ጋሼ መምህር። በእንግሊዝ ኮርንዋል ውስጥ ያለችው ሴንት አይቭስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ፣ ከመራጩ 83 በመቶ ደግፎ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት የዕረፍት ቤት እንዳይሆን ከለከለች። ምን ሆነ? አዲስ ቤት የሚሠሩ ኩባንያዎች ወደ ሌላ ቦታ ዞሩ። የዕረፍት ቤት ፈላጊው ደግሞ ነባሮቹን ቤቶች መሻማት ጀመረ። ይህን ያጠኑት የለንደን ኢኮኖሚስቶች ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

መምህሩ፦
አውቀዋለሁ። ግን ያ ጥናት የሚያሳየው ግማሽ ሕግ እንደማይሠራ ነው። አዲሱን ብቻ ከልክለህ ነባሩን ክፍት ከተውክ ሰው በክፍቱ በር ይገባል፣ ሌላ ምን ይጠበቃል? ዌልስ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር መጣል ይችላሉ፣ ነባሩንም ይጨምራል። ባርሴሎና ደግሞ ከ10,000 በላይ የሆኑ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እ.ኤ.አ. በ2028 ሲያበቁ ላታድስ መወሰኗን ከንቲባው አስታውቀዋል።

አከራዩ፦
እና ግብሩ የሚጎዳው ማንን ነው? ከአያቷ ቤት የወረሰችውንም ሴትዮ ነው። ሀብታሙ ከፍሎ ይቀጥላል።

የባሕር ዳር ልጅ፦
ከፍሎ ይቀጥል፣ በግብሩ ለነዋሪው ቤት ይሠራበት። ባዶ መስኮት ከማየት ይሻላል።

ጠያቂዋ፦
ኧረ ወደ እኔ ተመለሱ! ሕጉ እስኪወጣ ልጆቼ ያድጋሉ።

ነርሷ፦
እኔ ልመልስሽ። የባሕር አየር ጤና ነው ሲባል ትሰሚያለሽ። እውነትነት አለው። በእንግሊዝ በሕዝብ ቆጠራ መረጃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ለባሕር የቀረቡ ሰዎች ጤናዬ ጥሩ ነው ብለው የመመለስ ዕድላቸው በመጠኑ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ሰው ይራመዳል፣ መንፈሱ ይረጋጋል።
ግን ሌላውንም ስሚ። የዚያችው አገር ዋና የሕክምና ኃላፊ ክሪስ ዊቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሪፖርት የባሕር ዳር ማኅበረሰቦች ጤና ከሌላው አካባቢ የባሰ መሆኑን ጻፉ። ጡረተኛው ወደዚያ ይሄዳል፣ ወጣቱ ለሥራ ይወጣል፣ ያለው ሥራ ወቅታዊና ዝቅተኛ ክፍያ ነው፣ ሐኪምም በቀላሉ አይመጣም። አንደኛው ባሕሩ ለሰው የሚያደርገውን ይነግርሻል፣ ሌላው ከተማው የሚያደርገውን።
ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። ነዋሪው በአብዛኛው አረጋዊ በሆነበት ከተማ ክሊኒኩም ለአረጋዊ ነው የሚደራጀው። የደም ግፊት ክትትል ሞልቷል። የሕፃናት ሐኪምና የማዋለጃ ክፍል ግን የሚቀጥለው ከተማ ነው። ልጅ በሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ነው የሚለካው። ያንኑ መንገድ ደግሞ በቱሪስት ወቅት በቅዳሜ ከሰዓት ነድተሽ እዪው።

ተጠራጣሪው፦
ሽሽት ነው የሚሻላችሁ። ቤት መድን አይገኝ፣ ሐኪም የለ፣ ትምህርት ቤት የለ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ምን ጎደላችሁ ካላችሁበት?

ጠያቂዋ፦
አየርና ጊዜ።

ኢንጂነሩ፦
ተጠራጣሪው ያጋንናል፣ ስለ ገደሉ ግን አልተሳሳተም። ዝርዝሩን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።
ቤት ስታዪ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ነው። አንቺ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ስንት ነው ብለሽ ጠይቂ። የጎርፍ ካርታ ላይ «በመቶ ዓመት አንዴ» የሚል ቀጣና ታያለሽ። ሰው ሲሰማው በእኔ ዕድሜ አይደርስም ይላል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ነው። በ30 ዓመት የባንክ ብድር ቤት ብትገዢ፣ ብድሩን ከፍለሽ ሳትጨርሺ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድልሽ 26 በመቶ ነው። ከአራት አንድ ማለት ነው። ያውም ባሕሩ ባለበት ከቆመ። እንደ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ ግምገማ፣ የዓለም የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው።
ውሃው ሳይደርስ ወረቀቱ ይቀድማል። በዌልስ ፌርቦርን የምትባል መንደር አለች። የአካባቢው ዕቅድ ባሕሩን የሚከለክለው ግድብ እ.ኤ.አ. ከ2050ዎቹ አጋማሽ በኋላ እንደማይጠበቅ ሲገልጽ ቤቱ ሁሉ እንደቆመ ነበር። ባንኮች ግን ለማበደር አቅማሙ፣ የቤት ዋጋም ወረደ። ስለዚህ ቤቱን ከመውደድሽ በፊት የመድን ዋጋ ጠይቂ። የመድን ድርጅት እምቢ ካለ ከደላላው የተሻለ እውነት ነግሮሻል። ተራ የቤት መድን ጎርፍን ላይሸፍን እንደሚችል ደግሞ አትርሺ። በአሜሪካ ለምሳሌ የጎርፍ መድን ለብቻው ነው የሚገዛው።
ጨው አለ፣ እርጥበት አለ። በር ማጠፊያ ይዝጋል፣ ግድግዳ ይሻግታል። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ሻጋታው ቀላል ነገር አይደለም። የጨው ጉዳት ከዳርቻው በጥቂት መቶ ሜትር ስትርቂ በጣም ይቀንሳል። እኔ ብሆን ባሕሩ ከሩቅ የሚታይበት ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ነው የምመርጠው።

የነፍስ አድን ሠራተኛ፦
ስለ ዋናው ነገር እስካሁን ማንም አላነሳም። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ይገባሉ።
የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰው በመስጠም ሞቷል፣ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። ሁሉም በባሕር አይደለም፤ ኩሬ፣ ወንዝ፣ ጉድጓድም አለበት። ግን ዕድሜውን እዩት። የሚሰጥም ሕፃን አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው።
ነጭ አሸዋ አደጋ የለውም የሚል ሐሳብ ይገርመኛል። አሸዋማ ዳርቻ ላይ ነው ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት በብዛት የሚፈጠረው። ሲመለከቱት ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ቦታ ይመስላል፣ እናቶችም ልጅ የሚያስገቡት እዚያ ነው። ጅረቱ ሲበረታ በሴኮንድ ከሁለት ሜትር በላይ ይሄዳል። ከእሱ ጋር ፊት ለፊት የሚታገል ዋናተኛ ይደክማል እንጂ አያሸንፍም። ለታላቋ ልጅሽ ይህን አስተምሪያት፦ አትታገይ፣ ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አንሺ፣ ከቻልሽ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኚና ከጅረቱ ውጪ።
አከራዩ ቱሪስቱ ለእኛ ይከፍላል ያለው ልክ ነው፣ ደሞዜ ከዚያ ነው። ግን ወቅቱ ሲዘጋ ባንዲራችንን ሰብስበን እንሄዳለን። ውሃው ገና ሙቅ ነው፣ የነዋሪው ልጅ ይዋኛል፣ የሚያየው የለም። ወደቡም የራሱ ጣጣ አለው። የመርከብ ማቆሚያው ግንብ ያዳልጣል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ወዲያው ጥልቅ ነው። ነገር ግን የወደብ ሰው ልጁን ከሕፃንነቱ ዋና ያስተምራል፣ የነፍስ አድን ጃኬትም ሳይለብስ ጀልባ ላይ አይወጣም።

መምህሩ፦
እኔም አንድ ልጨምር። የምትሄዱበት ዳርቻ ሱናሚ የሚያሰጋው ከሆነ ትምህርት ቤቱን ስለ ማምለጫ ዕቅዱ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን ካማይሺ ከተማ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተረፉ። ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ እንዲሮጡ ሰልጥነው ነበር። በዚያው ቀን የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግን በግቢው ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆዩ። 74 ልጆችና 10 መምህራን ሞቱ። ትምህርት ቤቱ ከባሕሩ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር፣ ከጀርባውም ኮረብታ ነበረው። ኢንጂነሩ ስለ ርቀትና ከፍታ ያለው ለዚህም ይሠራል።

ተጠራጣሪው፦
አላልኳችሁም?

ጠያቂዋ፦
አስፈራራችሁኝ፣ ግን አልቀርም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የባለቤቴ ሥራስ? ታላቋ ልጄ ደግሞ «ጓደኛ የት አገኛለሁ?» እያለች ነው።

የባሕር ዳር ልጅ፦
ከትንሿ ይልቅ የምታሳስበኝ ታላቋ ናት። ሕፃን አሸዋና ባልዲ ካገኘ ይበቃዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው ብላ ነው ከተማን የምትለካው። አውቶቡስ ከሌለ አንቺ ሹፌር ትሆኛለሽ፣ ወይም እሷ ቤት ትቀመጣለች። ወደብ ብዙ ጊዜ ባቡርና አውቶቡስ አለው፣ ለጭነቱና ለሠራተኛው ሲባል የተዘረጋ ነው። ለባለቤትሽም ያው። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ ጥገና፣ ጉምሩክ፣ ሎጂስቲክስ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ነው። በመዝናኛ ከተማ አስተናጋጅነት ይገኛል፣ እሱም ለጥቂት ወራት።

አከራዩ፦
አንድ ድርጅት ላይ የተንጠለጠለ ወደብስ? የመርከብ ጥገናው የተዘጋ ቀን ከተማው አብሮ ይዘጋል። ይሄም ታይቷል።

የባሕር ዳር ልጅ፦
እሱ እውነት ነው። አሠሪው አንድ ብቻ ከሆነ እኔም አልሄድም።

ነርሷ፦
ሁለቱንም በብርዱ ወራት ሄደሽ እዪ። በሥራ ቀን፣ አመሻሽ ላይ። ስንት መስኮት መብራት እንዳለው ቁጠሪ፣ ፋርማሲው ክፍት መሆኑን እዪ፣ ታላቋንም ይዘሻት ሂጂ።

ጠያቂዋ፦
ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ቤት ሳንገዛ መጀመሪያ ተከራይተን የብርዱን ወራት እንሞክራለን። እውነቱን ለመናገር ልቤ አሁንም አሸዋው ላይ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ እንጀምር ብያለሁ።

አከራዩ፦
ጥሩ አሰብሽ። በብርዱ ወራት ቤቱ ባዶ ስለሆነ በርካሽ ታገኛላችሁ። ግን ውሉን አንብቡ። አብዛኞቻችን የቱሪስት ወቅት ሲቃረብ ተከራዩን እናስወጣለን።

መምህሩ፦
ሰማሽ? ያ ማለት ትምህርት ሳይዘጋ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ እያለች ከቤት ትወጣላችሁ። በየዓመቱ ከክፍሌ እንዲህ ሆኖ የሚወጣ ልጅ አለ። ውሉ ቢያንስ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ካልሆነ አትፈርሚ።

አከራዩ፦
ለአንድ ዓመት የሚፈርም አከራይ በዚያ ከተማ ካገኘሽ እኔም ደስ ይለኛል። ይከብዳል እንጂ።

ጠያቂዋ፦
ባለቤቴ ይህን አንብቦ እየሳቀ ነው። በወደቡ የዓመት ውል የሚሰጥ ቤት ዛሬ ጠዋት ደውሎ አግኝቷል። ኮረብታው ላይ ነው አሉት። ሽታው እዚያ ይደርስ እንደሆነ ግን አልጠየቀም።