ትኬቶቹ በጨለመው ስልኬ ውስጥ ቀሩ፤ ነገ ማታ ኪው ፒ አር ከሳውዝሃምፕተን እንዴት ልግባ?

ቅዱስ_ስቶክዌል | ማክሰኞ ኖቬምበር 4፣ 2025፣ 20:50
ወገን ፈጥናችሁ ድረሱልኝ። ነገ ረቡዕ ማታ 19:45 ለንደን በኪው ፒ አር ሜዳ ሎፍተስ ሮድ ለሚደረገው የእግር ኳስ ጨዋታ ሁለት ትኬት አለኝ፣ አንዱ የእኔ አንዱ የእህቴ ልጅ። ሁለቱም ስልኬ ዋሌት (ትኬትና ካርድ የሚቀመጥበት መተግበሪያ) ውስጥ ናቸው። ስልኩ ከአንድ ሰዓት በፊት ስክሪኑ ጨልሞ ቀረ። ሲደወልለት ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ምንም አያሳይም። ስልክ ሠሪው ስክሪኑ ከሐሙስ በፊት አይገኝም ብሎኛል። ኢሜይሌን በላፕቶፕ ማየት እችላለሁ። ባለፈው ሳምንት የትኬቶቹን ስክሪንሾት ለልጁ ስልክ ልኬለት ነበር፣ እሱ ያስገባናል? ልጁ 13 ዓመቱ ነው፣ ሜዳ ገብቶ ሲያይ የመጀመሪያው ስለሆነ ተስፋ ላስቆርጠው አልፈልግም።

ማሙሽ_ደብሊው12 | 20:58
ቅዱሳኑ፣ ማለትም ሳውዝሃምፕተኖች፣ እሑድ ዕለት አሰልጣኛቸውን አሰናበቱ፣ ማክሰኞ ያንተ ስልክ ተከተለ። አይዞህ ወንድሜ 😀
ወደ ቁም ነገሩ፦ ስክሪንሾቱን ከፍተህ እየው። ባርኮድ ወይም ኪው አር ኮድ ካለበት የበሩ ማንበቢያ ሊቀበለው ይችላል። ኮድ ከሌለውና ስልክዎን ማንበቢያው ላይ ያስጠጉ የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለው ግን ተራ ፎቶ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ትኬት በሩ የሚያነበው ስልኩ ውስጥ ካለው ቺፕ ነው፣ ፎቶ ደግሞ ቺፕ የለውም።

ቤዛ_ፉልሃም | 21:03
ላፕቶፕህ ላይ የትኬት አካውንትህን ክፈትና የገዛሃቸውን ትኬቶች ዝርዝር እይ። ብዙ ክለቦች ትኬትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይፈቅዳሉ። የልጁን ወደ እናቱ ወይም ወደ ሌላ አዋቂ አካውንት አስተላልፍና በዚያ ሰው ስልክ ይውረድ። ያንተን ደግሞ በሌላ ስልክ ኢሜይልህን ከፍተህ እንደገና ለማውረድ ሞክር። አንድ ነገር ልብ በል፦ አንዳንዱ ትኬት አንዴ አንድ ስልክ ላይ ከወረደ ሌላ ስልክ ላይ አይወርድም። «ቀድሞ ወርዷል» የሚል መልእክት ከመጣ ደጋግመህ አትነካካው። ትኬት ቢሮው ከእነሱ ወገን የድሮውን ሰርዞ አዲስ መላክ አለበት።

ጋሽ_አበራ | 21:09
ልጄ፣ ትኬቱ መፍትሔ ያገኛል፣ እኔ የምፈራልህ ሌላውን ነው። ነገ ኖቬምበር 5 ነው፤ እንግሊዞች ርችት የሚተኩሱበት ምሽት። መንገዱ በጭስና በተኩስ ይሞላል። ልጁ ከጓደኞቹ የተቀበለው ርችት ወይም የጭስ ቱቦ ኪሱ እንዳይገኝ ቀድመህ ፈትሽ። ይዞ ስታዲየም ለመግባት መሞከር በ1985 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው፣ መለኮስ አለመለኮሱን አይጠይቁህም። በዚያው ሕግ ሜዳው ከሚታይበት ቦታ ላይ አልኮል መጠጣትም ክልክል ነው፤ ቢራ የሚጠጣው ከወንበሩ በስተኋላ ባለው መተላለፊያ ነው። ቦርሳ ባትይዙ ይመረጣል፣ ከያዛችሁም ትንሽ ይሁን። ፍተሻው ላይ ሰልፉን የሚያዘገየው ቦርሳ ነው። ደግሞም ከ19:00 በፊት በሩ ጋ ድረሱ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ቅዱስ_ስቶክዌል | 21:14
አመሰግናለሁ ጋሼ። ማሙሽ፣ አየሁት፣ ኮድ የለውም፣ ያስጠጉ ብቻ ነው የሚለው። ቤዛ፣ በባለቤቴ ስልክ ሞከርኩ፣ ቀድሞ ወርዷል ይላል።

ሬንጀርስ_ለዘላለም | 21:17
ወንድሜ፣ ለምን ትደክማለህ? በሳምንቱ መሐል የሚደረግ የሻምፒዮንሺፕ (የእንግሊዝ ሁለተኛ ሊግ) ጨዋታ ሁሉ እኮ ስካይ ስፖርትስ ፕላስ ላይ በቀጥታ አለ። ከ2024 ጀምሮ በገቡት ውል እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከ14:45 እስከ 17:15 በቴሌቪዥን የማሳየት ክልከላው ረቡዕ ማታ አይሠራም። ቤትህ ቁጭ ብለህ ልጁን ማሳየት ትችላለህ።
ሁለተኛ፣ ከኛ ከኪው ፒ አር ደጋፊ መሐል ተቀምጣችሁ ለሳውዝሃምፕተን ልትጮኹ ከሆነ አይሆንም። በባለሜዳው በኩል የእንግዳ ቡድን ሻርፕ ካዩ አስተናባሪዎቹ ያስወጧችኋል፣ ገንዘባችሁም አይመለስም። ከልጅ ጋር ይህን አትሞክር።

ቤዛ_ፉልሃም | 21:20
ስካዩን ያልከው ልክ ነው፣ ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። ልጁ ሜዳ ሊገባ ነው።

ታዛቢ_9 | 21:26
እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፦ ትኬቱን የሸጠልህ ማነው? ኪው ፒ አር ነው ሳውዝሃምፕተን?

ማሙሽ_ደብሊው12 | 21:28
ምን ልዩነት አለው፣ ሜዳው የኪው ፒ አር ነው። ጠዋት ሎፍተስ ሮድ ሄዶ መታወቂያ አሳይቶ ያሳትማል፣ አለቀ።

ቅዱስ_ስቶክዌል | 21:31
ከሳውዝሃምፕተን ነው የገዛሁት፣ የሳውዝሃምፕተን አባል ነኝ። ወንበራችን የእንግዳ ደጋፊ በሚቀመጥበት ስኩል ኤንድ ላይኛው ፎቅ ነው። ግልጽ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት።

ታዛቢ_9 | 21:44
እንግዲህ ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት ሎፍተስ ሮድ እንዳትሄድ፣ ቀንህን ትጨርሳለህ። የእንግዳ ደጋፊ ትኬትን የሚሸጠው እንግዳው ክለብ ነው። ኪው ፒ አር ለሳውዝሃምፕተን የወንበር ድርሻ ይሰጣል፣ ማን የትኛው ወንበር ላይ እንዳለ የሚያውቀው ሳውዝሃምፕተን ነው። የኪው ፒ አር መስኮት ላይ ስምህን ብትነግራቸው ዝርዝራቸው ውስጥ የለህም።

እንዲህ አድርግ።

ዛሬ ማታ፦ የግዢ ማረጋገጫ ኢሜይሉን ፈልግና የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የአባልነት ቁጥርህን፣ የሁለቱን ወንበር ብሎክ፣ ረድፍና ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ። ማተሚያ ካለህ ኢሜይሉንም አትም። ከዚያ ለሳውዝሃምፕተን ትኬት ቢሮ አጭር ኢሜይል ላክ፣ ርዕሱ ላይ የጨዋታውን ስምና የትዕዛዝ ቁጥሩን አስገባ። ማንም ማታ ባያነበውም ጠዋት ስትደውል «ኢሜይል ልኬያለሁ» ማለቱ ይጠቅማል።

ጠዋት፦ ስልክ መቀበል በሚጀምሩበት ደቂቃ ደውል። በጨዋታ ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ ይጨናነቃል፣ ሠራተኞቹም ወደ ለንደን መንገድ ሊጀምሩ ይችላሉ። ስትደውል ሁለት ነገር ብቻ ጠይቅ፦ የድሮውን ትኬት ሰርዘው በባለቤትህ ስልክ የሚወርድ አዲስ መላክ ይችላሉ? ካልቻሉ ምትክ የወረቀት ትኬት ሜዳው ጋ በእንግዳ ደጋፊ በኩል በስምህ ይቀመጥልሃል? የሚቀመጥ ከሆነ የትኛው መስኮት እንደሆነና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚከፈት አስረግጠህ ጠይቅ፣ ያነጋገረህን ሰው ስምም ያዝ።

ማታ፦ ፎቶ ያለው መታወቂያና የከፈልክበትን ካርድ ያዝ። የባንክ ካርድህም ስልኩ ውስጥ ብቻ ከሆነ ኦሪጅናሉን ካርድ ኪስህ አድርግ፣ ለባቡሩም ያስፈልግሃል። የልጁ ትኬት የልጅ ዋጋ ስለሆነ ዕድሜውን የሚያሳይ ነገርም አይጎዳም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ምትክ ሲወጣ የድሮው ይሞታል። አሁን ያለውን ስልክ ድንገት ቢበራልህ እንኳ ከስረዛው በኋላ በእሱ ለመግባት አትሞክር፣ በሩ ቀይ ያበራል።

ማሙሽ_ደብሊው12 | 21:47
እሺ ተሸንፌአለሁ። ይህን መልስ ከላይ ስቀሉት።

የቦሌ_ዮኒ | 21:52
እናንተ ለንደኖች፣ እኛስ አዲስ አበባ በስንት ሰዓት እንየው? አንዱ መተግበሪያ 3:45 አንዱ 4:45 ይለኛል።

ቤዛ_ፉልሃም | 21:55
ማታ 4:45 ነው። እንግሊዝ ኦክቶበር 26 ላይ ሰዓቷን ወደ ኋላ መልሳለች፣ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ከሁለት ወደ ሦስት ሰዓት ከፍ ብሏል። 3:45 የሚለው የድሮውን ልዩነት ይዞ የቀረ ነው። እስከ ማርች መጨረሻ 19:45 የሚጀምር ጨዋታ ሁሉ ለእናንተ 4:45 ነው፣ የሚያልቀው ከ6:30 በኋላ። ሥራ ላለው ሰው ከባድ ነው።

አራት_አራት_ሁለት | 22:06
ስለ ጨዋታው ማንም አላነሳም። የሳውዝሃምፕተኑ አሰልጣኝ ዊል ስቲል የተሰናበተው እሑድ ነው፣ ጊዜያዊ ኃላፊነቱን የተረከበው ከ21 ዓመት በታች ቡድኑ አሰልጣኝ ቶንዳ ኤከርት ነው። ቅዳሜ የተጫወተ ቡድን እሑድ አካሉን ያሳርፋል፣ ሰኞም ዘጠና ደቂቃ የተጫወቱት ቀለል ያለ ሥራ ብቻ ይሠራሉ። ስለዚህ ኤከርት ሙሉ ቡድኑን ይዞ ስለ አጨዋወት ያሠለጠነው ዛሬ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ልምምድ አዲስ አጨዋወት አይገነባም። የሚቀየሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ማን ይሰለፋል፣ ጫና ከየት ይጀምራል፣ የቆመ ኳስ ላይ ማን ማንን ይይዛል።

ስቲል በሦስት የመሐል ተከላካይ መጫወት ነበር የሚወደው። የአሰልጣኝ ጁሊያን ስቴፋን ኪው ፒ አር በ4-4-2 ይጫወታል፣ አራት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ ከፊት፣ በርል እና ኮኔ። ኤከርት ወደ አራት ተከላካይ ከዞረ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ከሁለቱ አጥቂዎች ጋር አንድ ለአንድ ይቀራሉ፣ ትርፍ ሰው የለም። ስለዚህ አንዱ የተከላካይ አማካይ፣ ዳውንስ ይመስለኛል፣ ወደ ኋላ መውረድ አለበት። እሱ ሲወርድ መሐሉ ይሳሳል። የሳውዝሃምፕተን ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ 4-4-2 በሁለቱ መስመሮች መካከል ክፍተት ይተዋል፣ ፊን አዛዝ ደግሞ እዚያ ክፍተት ውስጥ ኳስ መቀበል የሚያውቅ ነው። ልጁን «አዛዝ ለግቡ ጀርባውን ሳይሰጥ ስንት ጊዜ ኳስ አገኘ?» ብለህ ቁጠር በለው፣ ጨዋታው ማን እጅ እንዳለ ከዚያ ይገባዋል።

ሬንጀርስ_ለዘላለም | 22:11
ሁሌ አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድኑ ይነቃል ትላላችሁ። እኛም እንነቃለን። ኦገስት ላይ በኮቬንትሪ 7 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ያለቀልን መስሏቸው ነበር፣ ቡድኑ ግን ተነስቶ ነጥብ ሰብስቧል። ከፕሪሚየር ሊግ በ12 ነጥብ የወረደ ቡድን በአንድ ሳምንት አይድንም።

አራት_አራት_ሁለት | 22:15
አልዳነም አላልኩም። ግን ያስተዋልከው ነገር አለ? የሳውዝሃምፕተኑ ራያን ማኒንግ ከዚህ በፊት ለእናንተ የተጫወተ ነው፣ ሜዳችሁን በደንብ ያውቃል። የሎፍተስ ሮድ ወንበር ከሜዳው መስመር በጣም ቅርብ ነው፣ የመስመር ተጫዋች ውርወራ ሊወረውር ሲመጣ ደጋፊው ጆሮው ሥር ነው የሚጮኸው። ለለመደው ሰው ችግር የለም፣ ላለመደው ነው የሚከብደው።

ጋሽ_አበራ | 22:19
የቢጫ ካርዱንም አትርሱ። ነገ 14ኛው ጨዋታ ነው። በመጀመሪያዎቹ 19 የሊግ ጨዋታዎች ውስጥ አምስት ቢጫ ያየ አንድ ጨዋታ ይቀጣል። አራት ቢጫ ያለው አማካይ ከዚህ በኋላ መልሶ ማጥቃት ለማቋረጥ ጥፋት ሊሠራ ሲል ሁለት ጊዜ ያስባል፣ በተለይ ቅዳሜ ሌላ ጨዋታ ሲጠብቀው። አሰልጣኙም በ60ኛው ደቂቃ የሚያስወጣው እሱን ነው። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ዘጠኝ አሉ፣ መቀየር የሚቻለው አምስት ነው።

ቅዱስ_ስቶክዌል | 22:24
ታዛቢ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኢሜይሉን አሁን ልኬአለሁ፣ ቁጥሮቹንም ጽፌአለሁ። ልጁ ግብ ሲገባ ቫር (የቪዲዮ ዳኝነት) እስኪያዩ መጠበቅ አለብን ወይ እያለ ይጠይቀኛል 😄 ከጨዋታው በኋላ ወደ ስቶክዌል በየት በኩል ይሻላል?

ታዛቢ_9 | 22:30
ሻምፒዮንሺፕ ውስጥ ቫር የለም፣ ኳሱ የግብ መስመሩን ማለፉን የሚያሳየው ቴክኖሎጂ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ካልተነሳ ወዲያው ይጩህ፣ የሚሰርዝበት ስክሪን የለም።

ጨዋታው 21:40 አካባቢ ያልቃል። ለናንተ ቀላሉ ከዋይት ሲቲ በሴንትራል መስመር እስከ ኦክስፎርድ ሰርከስ፣ እዚያ ወደ ቪክቶሪያ መስመር ቀይራችሁ በቀጥታ ስቶክዌል ነው። ችግሩ ዋይት ሲቲ በር ላይ ፖሊስ ሕዝቡን እየቆረጠ ነው የሚያስገባው፣ ሁሉም ወደዚያ ስለሚሄድ። ሰልፉ መንገድ ድረስ ከመጣ አትቁሙ፣ በእግር ወደ ሸፐርድስ ቡሽ ጣቢያ ሂዱ፣ ያው ሴንትራል መስመር ነው፣ ሩቅም አይደለም። ልጁ ሻርፑን ከስኩል ኤንድ እንደወጣ ጃኬቱ ውስጥ ያስገባው፣ እስከ ባቡሩ ድረስ ያለው መንገድ የባለሜዳው ደጋፊ ነው።

ላይኛው ፎቅ ላይ የወንበሩ ረድፍ ጠባብ ነው፣ ጉልበት አያስዘረጋም፣ ለብርዱም ወፍራም ካልሲ ያስፈልገዋል።

ቤዛ_ፉልሃም | ረቡዕ 09:40
ቅዱስ፣ ደወልክ? ምን አሉህ?

ማሙሽ_ደብሊው12 | 10:15
ጠዋት ኪው ፒ አር ትኬት ቢሮ ሂድ፣ መታወቂያ አሳይ፣ ያትሙልሃል።

ቤዛ_ፉልሃም | 10:17
ማሙሽ! ትኬቱ የሳውዝሃምፕተን ነው ተብሎ ማታ ተስማምተን አልነበር እንዴ?

የቦሌ_ዮኒ | 18:05
አሰላለፍ ወጣ እንዴ?

አራት_አራት_ሁለት | 18:08
ገና ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ይወጣል። ሲወጣ መጀመሪያ የሳውዝሃምፕተንን የመሐል ተከላካዮች ቁጠር፣ ሁለት ናቸው ሦስት? ሌላውን ጥያቄ ሁሉ እሱ ይመልስልሃል።